አጥሩ ከመቆሙ በፊት ወረቀቱ

በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ባለቤቶች የተደረገ ንግግር

እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ። የእሁድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለ ኤችኦኤ፣ ማለትም ስለ ሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ልትሰሙ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። ብርዱ ሊወጣ ነው። ከወር በኋላ ሁላችንም ጓሮ እንወርዳለን። አጥር የሚያጥር አለ፣ ዴክ፣ ማለትም ከቤቱ ጋር የተያያዘ የእንጨት መድረክ የሚሠራ አለ፣ ጎመን የሚተክል አለ። ስለዚህ ይህን ነገር ለመነጋገር ጊዜው አሁን ነው።

ከራሴ ልጀምር። ቤታችንን በገዛን በሁለተኛው ዓመት ጓሮውን አጠርኩት። ልጆቹ ትንንሽ ነበሩ። ከጓሯችን ጀርባ መኪና የሚያልፍበት መንገድ አለ፣ ኳስ ተከትለው እንዳይወጡ ፈራን። አንድ ቅዳሜ ሦስት ጓደኞቼ መጡ። ባለቤቴ ጥብስ ሠራች። እሁድ ማታ ባለ 6 ጫማ የእንጨት አጥር ቆሞ አደረ። የግራውንም የቀኙንም ጎረቤት ቀድሜ ጠይቄ ነበር። ሁለቱም ችግር የለም ብለውኛል። ለእኔ ይህ ይበቃኝ ነበር። ባደግኩበት ሰፈር አጥር የጎረቤት ጉዳይ ነው። ከጎረቤትህ ጋር ከተግባባህ ነገሩ አልቋል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኤችኦኤው ደብዳቤ መጣ። አጥሩ ያለ ፈቃድ ተሠርቷል ይላል። በአንድ በኩል ከቤቱ የኋላ ማዕዘን አልፎ ወደ መንገዱ ወጥቷል ይላል። ምሰሶዎቹ ወደ ጎረቤት ዞረዋል፣ ለስላሳው ገጽ ነበር ወደ ውጭ መዞር ያለበት ይላል። በ30 ቀን ውስጥ አስተካክል ተባልኩ። አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ነቅለን እንደገና ሠራነው። እንጨቱ ሲነቀል ተሰነጣጠቀ፣ ሌላ ገዛን። ትንሹ ልጄ አጠገቤ ቆሞ «አባዬ፣ ለምን ታፈርሰዋለህ?» አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም ነበር።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ያንኑ አጥር፣ በዚያው ቁመት፣ አስቀድሜ ባመለክት ኖሮ ይፈቀድልኝ ነበር። መመሪያው ላይ ተጽፏል። ቤቱን ስገዛ ከተሰጠኝ ወረቀት መካከል ነበር፣ አንብቤው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ተናድጄ ስብሰባቸው ላይ ሄድኩ። ከሄድኩ በኋላ ነገሩ ገባኝ። ውሎ አድሮ የግንባታ ማመልከቻ የሚያየው ኮሚቴ አባል ሆንኩና አራት ዓመት አገለገልኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ከሁለቱም ወገን ሆኜ ያየሁትን ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ሰው ጠበቃ ይያዝ።

መጀመሪያ ይህ ማኅበር ይህን ሁሉ ሥልጣን ከየት አመጣው? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። «ቤቱ የኔ፣ መሬቱ የኔ፣ ሞርጌጁን የምከፍለው እኔ፣ እነሱ ምን አገባቸው?» ይላል። መልሱ ክሎዚንግ ቀን፣ የቤቱ ግዢ በተጠናቀቀበት ቀን፣ የፈረማችሁት ወረቀት ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሲሠራ ገንቢው በመሬቱ ላይ ውል አስመዝግቧል። ያ ውል ከመሬቱ ጋር ይሄዳል። ቤቱን የገዛ ሁሉ ውሉንም አብሮ ገዝቷል፤ አንብቤዋለሁ አላነበብኩትም ማለት ለውጥ የለውም። እኛ አካባቢ ደግሞ ይህ አሠራር ሥር የሰደደ ነው። ሬስተን በ1964፣ ኮሎምቢያ ሜሪላንድ በ1967 ሲቆረቆሩ ገና ከመጀመሪያው በዚህ ዓይነት ውል ታቅደው ነው። በመላው አሜሪካ ዛሬ ከ70 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዲህ ባለ ማኅበር ሥር ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በመሬት ላይ የሚመዘገብ ውል በዚህች አገር ክፉ ታሪክ አለው። ጥቁር ሰው ይህን ቤት እንዳይገዛ፣ እንዳይከራይ የሚል ውል በብዙ ሰፈር ተመዝግቦ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም አይችሉም አለ። በ1968 ደግሞ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ መጣ። ቃሉ ግን አሁንም ባንዳንድ የድሮ ሰነድ ላይ አለ። ቨርጂኒያ ባለቤቱ እንዲሰርዘው የሚያስችል ሕግ ያወጣችው በ2020 ነው። ይህን የማነሳው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የኤችኦኤ ደብዳቤ ሲመጣ ውስጣችሁ «በቆዳዬ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድባችሁም። ጥያቄው መሠረት አለው። ኮሚቴ ውስጥ ሆኜ ያየሁት ግን አብዛኛው ደብዳቤ የሚነሳው ከጎደለ ወረቀት ነው። አድልዎ የሚጠረጥር ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የራሱ ወረቀት የተሟላ መሆኑ ነው። ያኔ «ለእሱ የፈቀዳችሁትን ለእኔ ለምን ከለከላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሳያመለክቱ ሠርቶ ይህን መጠየቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ማመልከቻው እንምጣ። ሰፋ አድርጌ የምናገረው ይህን ነው።

ኮሚቴው ማለት ከሥራ ወጥተው የሚመጡ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ደሞዝ የላቸውም። የእኛ በወር አንድ ጊዜ ማታ ይሰበሰብ ነበር። ባንድ ምሽት አሥራ አምስት ማመልከቻ የምናይበት ጊዜ ነበር። ጠያቂው ብዙ ጊዜ አይመጣም። ስለዚህ ሰውየውን አናየውም፣ የምናየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ላይ የምንፈልገው ደግሞ ሁሌም ያው ነው። የት ነው የሚሠራው? ምን ያህል ይረዝማል? ከምን ይሠራል? ቀለሙ ምንድን ነው? የዝናቡ ውኃ ወዴት ይሄዳል? ጎረቤት በመስኮቱ ሲያይ ምን ይታየዋል? ከነዚህ አንዱ ካልተመለሰ ማመልከቻው ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ሰውየው ተከለከልኩ ብሎ ያዝናል። እኛ ግን አልከለከልነውም፣ ምን እንደጠየቀ አላወቅንም።

አንድ ማመልከቻ ትዝ ይለኛል። አንድ መስመር ብቻ ናት፤ «ጓሮዬን አጥር ማጠር እፈልጋለሁ» ትላለች። ፊርማ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። እንዲህ ያለውን ኮሚቴ ማጽደቅ አይችልም፣ ቢፈልግም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ቤቱን ስትገዙ የተሰጣችሁ ፕላት የሚባል የመሬት ሥዕል አለ። የቦታችሁን ወሰን፣ ቤቱ የቆመበትን፣ ኢዝመንት የሚባለውን፣ ሌላ ወገን የመጠቀም መብት ያለውን የመሬት ክፍል ያሳያል። ከጠፋባችሁ ክሎዚንግ ያደረገላችሁን ቢሮ ጠይቁ። ኮፒ አድርጉና አጥሩን በቀይ እስክሪብቶ ሥሩበት። ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ በሩ በየት እንደሆነ፣ ከወሰኑ ስንት ጫማ እንደራቀ ጻፉ። ከዚያ ጓሮውን ከሦስት ከአራት ጎን በስልካችሁ አንሱ። ከሆም ዲፖ ወይም ከሎውስ የምትገዙትን የእንጨት ዓይነት ፎቶ ጨምሩ። ቀለም ካለው የቀለሙን ቁርጥራጭ ከነቁጥሩ ለጥፉ። ኮንትራክተር ካለ የሰጣችሁን ዋጋ ዝርዝር አያይዙ። ሰፈራችሁ ውስጥ ተፈቅዶ የተሠራ ተመሳሳይ አጥር ካለ ፎቶ አንስታችሁ «እንዲህ ያለ ነው» በሉ። ይህች የመጨረሻዋ ትልቅ ጉልበት አላት።

ውኃውን አትርሱ። የኛ አካባቢ አፈር ቀይ ሸክላ ነው፣ ውኃ ቶሎ አያሰርግም። በቤቶች መካከል የምታዩት ጎድጎድ ያለ ሣር ያለ ምክንያት አልተሠራም፣ የዝናብ ውኃ መውረጃ ነው። እዚያ ላይ ፓቲዮ፣ ማለትም የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ መቀመጫ ብታነጥፉ ወይም አፈር ብትከምሩ ውኃው የጎረቤት ምድር ቤት ይገባል። ካየሁት ጠብ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። በማመልከቻችሁ ላይ «ውኃው እንደ ቀድሞው በዚህ በኩል ይወርዳል» ብላችሁ በቀስት ካሳያችሁ ኮሚቴው ደስ ይለዋል።

ብዙ ቦታ ፎርሙ የጎረቤት ፊርማ ይጠይቃል። ጎረቤት መፈረሙ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው፣ ፈቃድ አይደለም። እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነበር። ጎረቤት እንቢ ቢል እንኳ «ጠይቄው አልፈረመም» ብላችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። ፊርማ ልትጠይቁ ስትሄዱ ግን ሥዕሉን ይዛችሁ ሂዱ። ከቻላችሁም ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ። የምሬን ነው፣ ድፎ ዳቦ የከፈተልኝን በር አውቀዋለሁ።

ሰነዳችሁ ውስጥ አንድ ቁጥር ፈልጉ። ኮሚቴው በስንት ቀን ውስጥ መመለስ አለበት? አንዳንዱ 30 ቀን፣ አንዳንዱ 45፣ አንዳንዱ 60 ይላል። ቀኑ ካለፈ ምን ይሆናል የሚለውንም አንብቡ። ባንዳንድ ሰፈር ዝም ከተባለ እንደተፈቀደ ይቆጠራል፣ ባንዳንዱ እንደተከለከለ። ስለዚህ ያስገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። በኢሜይል ላኩ፣ ደረሰኝ የሚል መልስ ጠይቁ። ማኅበሩ ሥራውን እንዲያስተዳድር የቀጠረው የማኔጅመንት ካምፓኒ ሠራተኛ በስልክ «ችግር የለውም፣ ሥራው» ቢላችሁ አመስግኑና «በኢሜይል ይጻፉልኝ» በሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል የሰማነው ለዚህ አገር የተነገረ ይመስለኛል።

ፈቃዱ ሲመጣ ከቤቱ ሰነድ ጋር አስቀምጡት። ቤቱን ልትሸጡ ስትሉ ማኅበሩ ለገዢው የሚሰጠው ሰርተፊኬት አለ። በዚያ ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር ካለ ይጻፋል። አሥር ዓመት ዝም የተባለ ዴክ ሽያጭ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጣጣ ሲያመጣ አይቻለሁ። አሁን ቤት እየፈለጋችሁ ያላችሁም ስሙኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ሰርተፊኬት ከደረሳችሁ በኋላ ውሉን ለማፍረስ 3 ቀን አላችሁ፣ ውሉ ካላራዘመው በቀር። እነዚያን 3 ቀናት ለማንበብ ተጠቀሙባቸው። የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ የሠራው ሼድ፣ የዕቃ ማስቀመጫ ቤት፣ ካለ ወርሳችሁት ነው የምትገቡት። እሱ አጽድቆ እንዲሄድ መጠየቅ የምትችሉት ክሎዚንግ ቀን ከመፈረማችሁ በፊት ነው።

የካውንቲውን፣ የአካባቢውን መንግሥት፣ ነገር በአጭሩ ልበል። ኤችኦኤ ፈቀደ ማለት ካውንቲው ፈቀደ ማለት አይደለም፣ ካውንቲውም ፈቀደ ማለት ኤችኦኤ ፈቀደ ማለት አይደለም። ፌርፋክስ ካውንቲ በጓሮና በጎን በኩል እስከ 7 ጫማ አጥር ይፈቅዳል። የእናንተ ማኅበር 4 ጫማ ብቻ ሊል ይችላል። ጠበቅ ያለውን ነው የምትከተሉት። ዴክ አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲ ፐርሚት ይፈልጋል። ከመቆፈራችሁ ጥቂት የሥራ ቀናት በፊት ደግሞ ከመሬት በታች ያለውን መስመር ወደሚያሳየው አገልግሎት፣ 811 ደውሉ። በነፃ ነው። መጥተው መሬቱን በቀለም ያሰምሩላችኋል፤ ቢጫው ጋዝ ነው፣ ቀዩ ኤሌክትሪክ፣ ሰማያዊው ውኃ። ከቆጣሪው ወዲህ ራሳችሁ የዘረጋችሁትን መስመር ግን አያሰምሩም። አንድ ምሰሶ ለመትከልም ቢሆን ደውሉ።

አሁን ሕጉ ከእናንተ ጋር የሚቆምበትን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።

የዲሽ ነገር አለ። የአገር ቤት ቴሌቪዥን ለማየት ዲሽ የሰቀላችሁ አላችሁ። ከ1996 ጀምሮ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ አለ። ወርዱ እስከ 1 ሜትር የሆነ ዲሽ በራሳችሁ ጓሮ ወይም በራሳችሁ በረንዳ ላይ ብትተክሉ ኤችኦኤ ሊከለክላችሁ አይችልም። የጋራ የሆነ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ግን በዚህ አይሸፈንም።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ አብረዋችሁ የሚኖሩ፣ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው ካሉ ይህን በደንብ ስሙኝ። የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ በ1988 ሲሻሻል የአካል ጉዳት ያለበት ሰው የሚያስፈልገውን ተገቢ ለውጥ በራሱ ወጪ እንዲሠራ መብት ሰጥቷል። ለዊልቸር መወጣጫ፣ ለደረጃ መደገፊያ መጠየቅ ትችላላችሁ። ማኅበሩ ስለ አሠራሩ ሊነጋገር ይችላል። «መልኩን ያበላሻል» ብሎ መከልከል ግን አይችልም። ማመልከቻው ላይ ለአካል ጉዳት የሚጠየቅ ለውጥ መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ማመልከቻው የሚታይበትን መንገድ ትለውጠዋለች። እናቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸክሞ ደረጃ ሲያወጣ የነበረ ወንድም አውቃለሁ። መጠየቅ እንደሚችል የነገረው ሰው አልነበረም።

ከወንዙ ማዶ ሜሪላንድ ለምትኖሩ ደግሞ ሌላ አለ። ኮሎምቢያ ውስጥ አንድ ባልና ሚስት ሣራቸውን ትተው ለንብና ለቢራቢሮ የሚሆን የአገሩን አበባ ተከሉ። ማኅበራቸው ሣሩን መልሱ አላቸው። ተሟገቱ። ከዚያ በመነሳት በ2021 ሕግ ወጣ። ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ ኤችኦኤ ባለቤቱን የግድ ሣር ትከል ብሎ ማስገደድ አይችልም። የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅም መደብ፣ ንብ የሚስብ አበባ፣ ውኃ የማይፈጅ ተክል ይፈቀዳል። ልብስ ማስጫ ገመድም በዚያው በሜሪላንድ ከ2010 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ቨርጂኒያ ግን ሌላ ነው፣ እዚያ የተፈቀደውን እዚህ ይዛችሁ እንዳትከራከሩ።

ስለ ጎመን ብዙ ትጠይቁኛላችሁና አንድ ታሪክ ላውራ። ኮሚቴ እያለሁ የአገራችን አንዲት እናት ማኅበሩ በጠራው ችሎት ቀረቡ። ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ጎመንና ቃሪያ ተክለዋል። የሰፈሩ መመሪያ አትክልት ከቤቱ ጀርባ ብቻ ይላል። ሦስት ደብዳቤ ተልኮላቸዋል። ልጃቸው ሌሊት ነው የሚሠራው፣ ደብዳቤውን የከፈተው የለም። የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመችላቸው «ጀርባው ጥላ ነው፣ ዛፍ ነው፣ ፀሐይ የለም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ከኮሚቴው ማንም ይህን አያውቅም ነበር፣ ወረቀት ላይ የለማ! እኔ በማግስቱ ሄጄ አብረን ማመልከቻ ጻፍን። ጎመኑና ቃሪያው በጎን በኩል፣ ፀሐይ በሚያገኘው፣ ከእንጨት በተሠሩ ሁለት መደቦች ውስጥ ሆነ። ፊት ለፊት ደግሞ ጤና አዳም ከአበቦች ጋር ተተከለ። ጤና አዳም ቅጠሉ ሰማያዊ ይመስላል፣ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ የዚህን አገር ብርድም ይችላል። ማመልከቻው ላይ ከጌጥ ተክሎች ጋር ተዘረዘረ፣ አለፈ። አሁን ሰፈሩ ውስጥ ቡና ሲፈላ ጤና አዳም የሚቆረጠው ከእሳቸው ደጅ ነው።

ከተከለከላችሁስ? መጀመሪያ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይንገሯችሁ። ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጎድለው፣ አስተካክላችሁ መልሱት። ካልሆነ ማኅበሩን ለሚመራው ቦርድ ይግባኝ በሉ። ቅጣት ላይ ከተደረሰ የቨርጂኒያ ሕግ ወሰን አለው። ማኅበሩ ከመቅጣቱ በፊት ለማስተካከል ጊዜ መስጠትና ችሎት መጥራት አለበት፣ የችሎቱን ቀን ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ቅጣቱም ለአንድ ጊዜ ጥፋት ከ50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን ከ10 ዶላር አይበልጥም፣ ከ90 ቀን በላይም አይቆጠርም። ትንሽ ነው ብላችሁ ግን አትተዉት። ፍርድ ቤት ከሄደ የተሸነፈው የአሸናፊውን የጠበቃ ወጪ ይከፍላል፣ የሚጎዳው ይህ ወጪ ነው። ደብዳቤ ክፈቱ። ችሎት ቅረቡ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ሰው ይዛችሁ ቅረቡ።

ማኅበሩ ሕግ ጥሷል ካላችሁ ሪችመንድ ውስጥ ለነዚህ ማኅበራት የተቋቋመ የኦምቡድስማን፣ ማለትም የአቤቱታ ሰሚ ቢሮ አለ። መጀመሪያ አቤቱታችሁን ለራሱ ለማኅበሩ ማስገባት አለባችሁ። የመጨረሻ መልሱ ካልተስማማችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለቢሮው ታቀርባላችሁ። ይህ ቢሮ የሚያየው የስቴቱ ሕግ መጣሱን ነው፣ የአጥራችሁን ቀለም አይዳኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ጀርመንታውን ያላችሁ ደግሞ የሞንጎመሪ ካውንቲ የራሱ ኮሚሽን አለው፣ በባለቤትና በማኅበር መካከል ያለውን ክርክር ይሰማል።

አንድ ልመና አለኝ። የቦርድ ስብሰባ ለአባል ሁሉ ክፍት ነው። በአራት ዓመት ውስጥ የአገሬ ሰው በራሱ ፈቃድ ስብሰባ ላይ ሲመጣ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። የቀሩት የመጡት ተከሰው ነው። መመሪያው የሚጻፈው እዚያ ነው። አትክልት ከጀርባ ብቻ የሚለውን መስመር ለመቀየር የሚያስፈልገው እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። የእኛ ሰፈር ባለፈው ዓመት ለውጦታል። አሁን ጀርባው ጥላ የሆነበት ሰው በጎን መትከል ይችላል። ሐሳቡን ያቀረበችው ያች ስታስተረጉም የነበረችው የልጅ ልጅ ናት፣ አሁን ኮሌጅ ገብታለች።

ቡናው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የራሴን የአጥር ማመልከቻ ኮፒ አስቀምጫለሁ፣ ሁለተኛውን፣ የጸደቀውን። ፕላቱም፣ ፎቶውም፣ የውኃው ቀስትም አለበት። ውሰዱና የራሳችሁን በሱ ልክ ሙሉ። ፕላታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እዚሁ ቁጭ ብለን እንሥራው፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዣለሁ። ከዚያ በፊት ጥያቄ ያለው? ከኋላ እጃቸውን ያወጡ እናት አሉ፣ ከእሳቸው እንጀምር።